ምርቃቱ ሳያልቅ የወጣው ልጄ

ጠዋት ላምበረት መነኻሪያ የገባ ሰው መልኬን ባያውቅ አይፈረድበትም፤ ድምፄን ግን ያውቃል። «ደሴ! ኮምቦልቻ! ወልዲያ! አንድ ሰው ብቻ የቀረው! የሞላ፣ የሞላ!» እያለ ጆሯችሁን የሚበጥሰው ሰውዬ እኔ ነኝ። አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ሆኖ «አንድ ሰው የቀረው» ማለቴ ውሸት እንዳይመስላችሁ፣ ሥራ ነው። ስሜ ሙሉጌታ ነው፤ ጓደኞቼ ግን «ሞንታርቦ» ይሉኛል። ሠርግ ቤት በር ላይ የሚተከለውን ያንን ትልቅ ድምፅ ማጉያ ማለታቸው ነው። አልከፋም። እንጀራዬ ያለው ጉሮሮዬ ውስጥ ነው።

መቀመጥ አልወድም። መጠበቅ ደግሞ ዋና ጠላቴ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም እግሬን ይበላኛል፤ ያዘዝኩት ሻይ እስኪመጣ ተነስቼ በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ጫልቱ «አንተ ሰውዬ፣ ወንበርህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኛለች። እንግዲህ እግዚአብሔር የናኦል አባት ያደረገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ይህ የማወራችሁ ነገር ሲሆን ናኦል ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው። አይናገርም። ስሙን ብትጠሩት አይዞርም። መጫወቻ መኪና ስትሰጡት አይነዳትም፤ ይገለብጣትና ጎማዋን ያሽከረክራል፣ ያሽከረክራል፣ አሁንም ያሽከረክራል። መጀመሪያ ጆሮው የማይሰማ መስሎኝ ነበር። ግን ወጥ ቤት የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ከሳሎን ሰምቶ ይመጣል! ታዲያ ላምበረትን በሙሉ የማንቀጠቅጠውን እኔን እንዴት አይሰማኝም? ሰው ሁሉ «ወንድ ልጅ አፉን ለመፍታት ይዘገያል» አለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አመንኩ። ጫልቱ ግን አላመነችም። አዝላው ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ተንከራተተች። በመጨረሻ «ኦቲዝም ነው» የሚል ወሬ ይዛ ገባች፣ ቁጭ ብላም አላለቀሰች፤ ጉርድ ሾላ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ያለች ትንሽ ማዕከል ወስዳ አስመዘገበችው። ልጅ ገና በጨቅላነቱ ትምህርቱ ከተጀመረለት ነው የሚሻለው ብለዋታል።

እዚያ የምታስተምረው ሚስ ሄለን ትባላለች። ቀጠን ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ ወጣት ናት። ሥራዋን ያየሁ ቀን ተናደድኩ። የሳሙና አረፋ ትነፋለች! በቃ! ናኦል አረፋ ካየ ነፍሱን አያውቅም። እሷ ጎኑ ትቀመጥና «ናኦል» ትለዋለች፣ አንዴ ብቻ፣ በቀስታ። ከዚያ ዝም ትላለች። ቀና ብሎ ካያት ያኔውኑ አረፋ ትነፋለታለች። አረፋው ፈንድቶ ሲያልቅ እንደገና ዝም ብላ ትጠብቃለች። ናኦል መዳፉን አንስቶ አፏ ላይ ሲያሳርፍ «ደግሞ!» ትልና ትነፋለታለች። መዳፍ አፍ ላይ ማድረግ በእነሱ ቤት «ድገሚልኝ» ማለት ነው። ይህችን ብቻ ለማስተማር ሳምንታት ለፍታለች።

«እስቲ እርስዎ ይሞክሩት» አለችኝ አንድ ቀን።

ተንበረከክኩ። «ናኦል! ናኦሌ! የኔ ጀግና! እዚህ፣ እዚህ፣ አባቢን እይ! ና! ና፣ ና፣ ና!»

ናኦል ጆሮዎቹን በእጆቹ ደፍኖ ጠረጴዛ ስር ገባ።

ሚስ ሄለን ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትታገል ቆይታ፣ «የናኦል አባት፣ ወልዲያ እየጫኑት ነው እንዴ?» አለችኝ። ጫልቱ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

«አንዴ ይጥሩት፣ ከዚያ ይጠብቁ» አለች ሚስ ሄለን። «ሰምቶ፣ ገብቶት፣ እስኪዞር ጊዜ ይፈልጋል። ሲደጋግሙበት የገዛ ስሙ ጩኸት ይሆንበታል።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። አንዴ ጠርቼ ትንፋሼን ሳልውጥ ምላሴ ይቀድመኛል። ልጄ ለሚስ ሄለን ይዞራል። ለእናቱም ያችው ክፍል ውስጥ መዞር ጀምሯል። ለእኔ ግን አንድም ቀን ዞሮ አያውቅም። አባት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ አገር የሚሰማው ድምፅ ኖሮህ ልጅህ ሳይሰማህ ሲቀር ያንገበግባል።

ከክፍሉ ውጭ ደግሞ ለማንም አይዞርም ነበር። ሚስ ሄለን «ሌላ ቦታም ያለማምዱት፤ አያቱ ቤት ይውሰዱትና እዚያ ይጥሩት» አለችን። የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ አማቴ ቤት የወጣነው ለዚሁ ነው።

አማቴ እማማ ጠጂቱ የሚኖሩት ከየካ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት፣ ባሕር ዛፉ ጥግ ላይ ነው። ድሮ ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል፤ እሳቸው ግን ከጫካው ሥር አልነቃነቅ ብለዋል። ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ አገኘነው። ለምርቃት ሽማግሌ ሰብስበዋል።

«እማማ፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አልኳቸው።

«የልጄን ልጅ ሊመርቁልኝ ነዋ! እናንተ በሳሙና አረፋ አክሙት፤ እኔ ምን አልኩ? ምርቃት ደግሞ ማንንም ጎድቶ አያውቅም።»

ምን ይባላል? ገባን። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ታላቁ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ረጅም፣ ዱላቸውን ከእጃቸው የማይለዩ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራቸው ሰው። ናኦልን መሐል ምንጣፉ ላይ አስቀመጥነው። ቆርኪ ይዞ ያሽከረክራል። ሁላችንም አጎንብሰን መዳፋችንን ዘረጋን።

«አፉን ይፍታለት!»

«አሜን!»

«እናቱን ‹እማዬ› ብሎ የሚጠራበትን ቀን ያሳየን!»

«አሜን!»

«አድጎ ለወግ ለማዕረግ ይብቃ!»

ቤቱ የቆርቆሮ ጣራ ነው፤ ያን ሁሉ ሰው የያዘ ጠባብ ክፍል። አሜናችን ጣራውን ያርገፈግፈዋል። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የማን እንደሆነ መቼም አትጠይቁኝም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከልቤ፣ ከእምብርቴ ስቤ ነበር አሜን የምለው። በልጄ ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ድምፄ ሥራ የሠራ መሰለኝ።

ኦቦ ገመቹ ገና ምርቃቱን ሳይጨርሱ ዓይኔን ገለጥ አደረግኩ። ምንጣፉ ላይ ቆርኪው ብቻ ቀርቷል። ናኦል የለም።

«ናኦልስ?» አልኩ።

ጫልቱ ቀና አለች። ጓዳ አየን፣ አልጋ ስር አየን፣ ወጥ ቤት አየን። ለእንግዶቹ የተከፈተው የአጥር በር ወለል ብሎ ጫካውን ያሳያል። ያ ሁሉ ሰው ለእሱ አጎንብሶ፣ አንድም ያየው የለም! እማማ ጠጂቱ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ኡኡ!» አሉ። እሱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ ወጣ።

ከላይ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኘንና ጠየቅናቸው። አንዷ ሸክሟን ሳታወርድ፣ «ቀይ ሹራብ የለበሰ ሕፃን? ወደ ላይ ሲወጣ አይተነዋል። እናቱ ከኋላ የምትከተለው መስሎን አለፍነው፣ እኔን ይድፋኝ!» አለች።

ወደ ላይ! ወደ ላይ ያለው ምን እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ድንጋይ የሚወጣበት የነበረ፣ አሁን የተተወ ካባ አለ፤ ክረምት የሞላው ውሃ ገና አልደረቀም። ሲመሽ ደግሞ ጅብ ይወርዳል። ጅብ የሚለውን ቃል ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም። ግን ሁሉም ቀና እያለ ፀሐይዋን ያያል።

ወደ ካባው በረርኩ። ጫማዬ አንዱ የት እንደወለቀ አላውቅም። ዳር ላይ ደርሼ ወደ ታች ስመለከት፣ አረንጓዴው ውሃ ላይ ቀይ ነገር ተንሳፍፏል።

በቂጤ እየተንሸራተትኩ፣ ድንጋይ እየቧጠጠኝ ወረድኩ። «አይሆንም፣ አይሆንም፣ አይሆንም» እላለሁ። ውሃው ውስጥ እስከ ወገቤ ገብቼ ያዝኩት። ፌስታል ነው። ባዶ ቀይ ፌስታል! ፌስታሉን ደረቴ ላይ ለጥፌ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ስወጣ ዳገቱ ሁሉ ጩኸት ሆኗል። ግማሹ «ናኦል!» ይላል፣ ግማሹ «ማሙሽ!» ይላል፣ ሌላው ያፏጫል፣ አንዱ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። እኔም ገባሁበት። ዕድሜ ልኬን ያጠራቀምኩትን ድምፅ አወጣሁት። «ናኦል! ናኦሌ! አባቢ ነኝ! ና!» እያልኩ እሮጣለሁ፣ መልስ ሳልጠብቅ ወደ ሌላ አቅጣጫ እሮጣለሁ። ያየሁትን ቁጥቋጦ እንደገና አየዋለሁ። ፀሐይዋ ግን አትጠብቅም፤ ግንዶቹ መሐል ቢጫ ሆና ወርዳለች።

ጫልቱ ከኋላ መጥታ ክንዴን ጨመደደችና ስልኳን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። «ሚስ ሄለን ናት። ስማት!»

«የናኦል አባት፣ ጩኸቱ በስልኩ ይሰማኛል። ማን ነው የሚጮኸው?»

«አገሩ በሙሉ!»

«ያስቁሟቸው።»

«ምን?! አንቺ ሴትዮ፣ ልጄ ጠፍቷል እኮ ነው የምልሽ!»

«ገብቶኛል» አለች፤ የእሷም ድምፅ ይንቀጠቀጣል። «ናኦል ጩኸት ሲሰማ ምን ያደርጋል? ይንገሩኝ።»

«ጠረጴዛ...» ብዬ ቃሉ አፌ ላይ ቀረ።

ጠረጴዛ ስር ነዋ የሚገባው! ጆሮውን ደፍኖ፣ ተኩረማትሮ! ከቤት ያስወጣው አሜናችን ነው፤ አሁን ደግሞ ዳገቱን ሙሉ ተከትለን እየጮህንበት ነው። አንድ ጥግ ገብቶ ከሆነ እኛ ዝም ካላልን አይወጣም።

«አንዴ ይጥሩት፣ ይጠብቁ» አለች ሚስ ሄለን። «ካልመጣ ጥቂት ራቅ ብለው እንደገና አንዴ። ልክ እንደ ክፍላችን። እርስዎ ይችላሉ።»

እኔ? እኔ እችላለሁ? ከላምበረት ሰው ሁሉ እኔ?

ዞር ብዬ «ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማል! አንዲት ሴትዮ ለጓደኛዋ «ሐዘኑ ራሱ ላይ ወጥቶበት ነው» ስትል ሰማኋት። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ተቆጣኝ፤ «ልጁ ጠፍቶበት ዝም በሉ የሚል አባት ዛሬ አየሁ!»

ወደ ኦቦ ገመቹ ሮጥኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «አባቴ፣ ልጁ ጩኸት ፈርቶ ነው የተደበቀው። ሰዉን ዝም ያሰኙልኝ። በፈጠረዎት!»

ትክ ብለው አዩኝ። ባያምኑኝስ? ከዚያ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም አንድ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። አጠገባቸው ያለው ዝም አለ። እሱ ቀጥሎ ያለውን በእጁ ጠቆመው። ዝምታው ከሰው ሰው እየተሻገረ ዳገቱን ወጣ። ቆርቆሮውም ዝም አለ። ሰዉ ባለበት ቁጭ ቁጭ አለ።

እኔና ጫልቱ ብቻ መራመድ ጀመርን። ካባውን አልፈን ቆምን።

«ናኦል» አልኩ፣ በቀስታ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ወይ መጠበቅ! እግሬ ሩጥ፣ ሩጥ ይለኛል፤ ምላሴ ድገመው፣ ድገመው ይለኛል። የባሕር ዛፉ ቅጠል ሲንሿሿ ይሰማል። ከሩቅ የጭነት መኪና ዳገቱን ሲያቃስት ይሰማል። ሌላ ምንም።

ጥቂት ወጣ ብለን እንደገና። «ናኦል።» የሹራቤን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነከስኩት፣ እንዳይወጣኝ። ምንም። ቀዝቀዝ ማለት ጀምሯል። ጫልቱ «ፈጣሪዬ፣ ይሄን ብቻ፣ ሌላ አልጠይቅህም» ስትል ይሰማኛል።

ሴቶቹ ቅጠል የሚያከማቹበት ሜዳ ደረስን። ሰዉ ቅድም እየጮኸ ያለፈበት ቦታ ነው፤ እኔ ራሴ አልፌበታለሁ። ተንበረከክኩ፣ ክፍሉ ውስጥ እንደምንበረከከው።

«ናኦል።»

ጠበቅኩ። ልደግመው አፌን ስከፍት ጫልቱ ጥፍሯን ክንዴ ላይ ተከለች። ያመኛል፤ ግን ደግ አደረገች። አፌን ዘጋሁ። ጠበቅኩ። እንደዚያች ያለች ረጅም ጊዜ በሕይወቴ አላየሁም።

ከቅጠሉ ክምር አንዱ ተንኮሻኮሸ። ነፋስ አይደለም። ቅጠሉ መሐል ጉድጓድ ነገር አለ፤ ከዚያ ውስጥ መጀመሪያ ቀይ እጅጌ፣ ቀጥሎ ትንሽ ጭንቅላት ወጣ። ፀጉሩ ላይ ቅጠል ተሰክቷል። አንዱ እጁ አሁንም ጆሮው ላይ ነው።

አየኝ።

ወደ እናቱ አይደለም፣ ወደ ሰማዩ አይደለም። እኔን፣ ዓይኔን አየኝ! ከተወለደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርቼው ዞረ።

ዘልዬ ላቅፈው ነበር። ግን ትዝ አለኝ፤ ሲዞር ያኔውኑ አረፋ ይነፋለታል። አረፋ ከየት ይምጣ? ከንፈሬን አሞጥሙጬ ባዶ አየር ነፋሁለት፣ ፉፍ... ረጅም አድርጌ። ናኦል ከንፈሬን አተኩሮ አየ። እየዳኸ ከቅጠሉ ወጣ፣ መጣ፣ መጣ፣ አጠገቤ ደርሶ ቀዝቃዛ፣ ጭቃ የነካት ትንሽ መዳፉን አፌ ላይ አሳረፈ።

ደግሞ!

«ደግሞ» ልለው ሞከርኩ፤ ሞንታርቦው ድምፅ አጣ። ነፋሁለት። እንደገና መዳፉን አስቀመጠ። እንደገና ነፋሁ። እንባዬ አፌ ውስጥ እየገባ፣ እየነፋሁ፣ እያለቀስኩ፣ ጫልቱ ሁለታችንንም ከኋላ አቅፋን መሬቱ ላይ ተዝለፍልፈን ቀረን።

እማማ ጠጂቱ ከታች አይተውናል። እልልታው ደረታቸው ላይ ደርሶ፣ ምላሳቸው ወጥቶ፣ እንደ ምንም ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጨምረው አፈኑት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከእሳቸው በታች የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ አፋቸውን በሻሽና በነጠላ ይዘዋል። ያን ያህል ሰው ያለ ድምፅ ሲደሰት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቤት እንደገባን ኦቦ ገመቹ «ምርቃቱ እኮ አላለቀም» አሉ። ክው አልኩ። እሳቸው ግን ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። ምስጢር እንደሚነግሩ ሰው ዝቅ ብለው፣ «ሰላም ይደር» አሉት። ቤቱ በሙሉ በሹክሹክታ «አሜን» አለ። «የሚጠብቀው ሰው አይጣ።» አሜን። ናኦል ቆርኪውን አንስቶ ያሽከረክራል። እጁ ጆሮው ላይ የለም። እኔ ከንፈሬን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው፤ ድምፄን አላመንኩትም።

ልንወጣ ስንል እማማ ጠጂቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ያቺ አረፋ የት ነው የምትሸጠው?» አሉኝ።

ይህን የማጫውታችሁ ተአምር ሆነ ልላችሁ አይደለም። ናኦል ዛሬም ኦቲዝም አለበት። ዛሬም ጎማ ያሽከረክራል፣ ዛሬም የማይዞርበት ቀን አለ። ከዚያ ቅዳሜ ብዙ ወራት ቆይቶ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ፤ «እማዬ» አላለም፣ «አባቢ» አላለም፣ «ደግሞ» ነው ያለው። ጫልቱ ወጥ ስታወጣለት። ወጡ ምንጣፉ ላይ ተደፋ፣ ማንም አላነሳውም።

ግን እናንተ ቤት ውስጥ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ሕፃን ካለ፣ «ይዘገያል» የሚላችሁን ሰው እንደኔ ደስ ብሏችሁ አትመኑት። ለሐኪም አሳዩት። ገና ትንሽ ሳለ አሳዩት። አሠራሩን ስታዩ እንደኔ ትናደዱ ይሆናል፤ ይሄ ምን ሥራ ነው፣ አረፋ መንፋት! ትላላችሁ። ተናደዱ፣ ግን ከመመላለስ እንዳትቀሩ። ልጁ ብቻ የሚማር መስሎኝ ነበር እኔ።

ላምበረት ላይ አሁንም ያው ሞንታርቦ ነኝ። «አንድ ሰው ብቻ የቀረው!» እያልኩ ስጮህ እውላለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ዝም ብሎ የሚሞላ አውቶቡስ የለም። ማታ ቤቴ በር ላይ ስደርስ ግን እቆማለሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ «ናኦል» እላለሁ፣ አንዴ። ከዚያ እዚያው እቆማለሁ። ጎረቤቶቼ ቁልፍ የጠፋብኝ እየመሰላቸው «ሙሌ፣ ምን ሆነህ ነው ውጭ የቆምከው?» ይሉኛል። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ እለምናቸዋለሁ፤

«እባካችሁ ዝም በሉ፣ ልጄ ሊዞር ነው።»